የሊምፍ ማሳጅ አገልግሎትን በተመለከተ የተሰጠ የአቋም መግለጫ

እኛ በዚህ የሙያ ማኅበር የታቀፍን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎች፣ «ሊምፋቲክ ድሬኔጅ» በሚል ስም በየውበት ሳሎኑና በየስፓው የተስፋፋውን አገልግሎት በጠቅላላ ጉባኤያችን መርምረናል። ማኅበሩ የታካሚን ደኅንነት የማስቀደም ኃላፊነት አለበትና በጉዳዩ ላይ ዝም ሊል አይችልም።

ዴንማርካውያኑ ኤሚልና ኤስትሪድ ቮደር እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የቀረጹት ይህ ዘዴ በጉልበት ማሸት አይደለም። ቀጫጭኖቹ የሊምፍ ቧንቧዎች ከቆዳ ሥር ስለሚገኙ እጅ ቆዳውን በስሱ ከመሳብ አያልፍም። በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና የብብት ንፍፊቶቿ የወጡላትና ክንዷ ያበጠ ታካሚ ስትመጣ ሥራው ካበጠው እጅ አይጀመርም። መጀመሪያ አንገትና ጤናማው ብብት፣ ቀጥሎ ደረት፣ ከዚያ የላይኛው ክንድ፣ መዳፍ በመጨረሻ። ወዲያውም የመጭመቂያ ፋሻ ይጠመጠማል፤ ያለ ፋሻ እብጠቱ ይመለሳል። ማሳጁ በፋሻው ላይ የሚጨምረው ጥቅም መጠነኛ መሆኑንም አንደብቅም።

በአገራችን ሌላም የሊምፍ እብጠት አለ፤ በቀይ አፈር ላይ በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን እንደሚያጠቃ ይገመታል። እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ የሆነ በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደ ጥናት እግርን አጥቦ ማለስለስ፣ ፋሻ፣ እንቅስቃሴና ጫማ ትኩሳት ያለበትን የሕመም ግርሻ እንደሚቀንሱ አሳይቷል። ለእነዚህ ወገኖች ከማሳጅ በፊት ሳሙናና ጫማ ይቀድማል።

በመሆኑም ማኅበሩ የሚከተሉትን አቋሞች ይዟል፦

1. የሊምፍ ማሳጅ ሕክምና ነው፤ የእብጠቱ መንስኤ በሐኪም ሳይታወቅ መጀመር የለበትም።

2. «መርዝ ያስወጣል»፣ «ያከሳል» የሚለው ማስታወቂያ መሠረት የለውም። ደምን የማጥራት ሥራ የጉበትና የኩላሊት ነው፤ ውኃ መቀነስም ስብ መቀነስ አይደለም። ተቆጣጣሪው አካል እንዲህ ያለውን ማስታወቂያ እንዲያስቆም እንጠይቃለን።

3. የቆዳ ኢንፌክሽን፣ በእግር ደም ሥር የረጋ ደም ወይም ሕክምና ያላገኘ የልብ ድካም ባለበት ሰው ላይ ይህን ማሳጅ መሥራት ሕይወትን ለአደጋ ማጋለጥ ነው፤ ሳያጣራ የሠራ ሰው ሊጠየቅበት ይገባል።

4. የሙያ ፈቃዱን ለማሳጅ ቤት የሚያከራይ አባል በማኅበሩ የሥነ ምግባር ደንብ ይጠየቃል። ሌላውን የምንወቅሰው ቤታችንን አጥርተን ነው።

5. የመጭመቂያ ፋሻና እጅጌ ለጡት ካንሰር ታካሚዎች ከቀዶ ሕክምናው ጋር አብሮ ሊታሰብ ይገባል፤ የእግር እንክብካቤም በየጤና ጣቢያው መሰጠት አለበት። ማሳጁ በከተማ በውድ እየተሸጠ ሕመምተኛው ፋሻ የሚያጣበትን አሠራር ማኅበሩ አይቀበልም።