በሌላ ሰው ሞገድ መሻል

እናንተዬ፣ አንጎልን እንደ ጡንቻ ጂም ማስገባት ይቻላል ሲባል ሰምታችኋል? ነገርዬው ኒውሮፊድባክ ይባላል። ኤሌክትሮዶች ራስ ላይ ይለጠፋሉ፤ ኮምፒዩተሩ የአንጎልን ሞገድ ያነብባል፤ ቀርፋፋው ቴታ ሲቀንስና ፈጣኑ ቤታ ሲጨምር ስክሪኑ ላይ ያለው ጌም ይንቀሳቀሳል። አንጎል ሽልማቱን እያየ ራሱን ይገራል ነው ሐሳቡ። ክኒን የለ፣ መርፌ የለ! እኔም መጀመሪያ ሳነብ ደስ ብሎኝ ነበር።

ግን በሽተኛን ይረዳል ወይ?

አሜሪካ ውስጥ በሁለት ማዕከላት የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት ይህንኑ ጠየቀ። ኤዲኤችዲ (ትኩረት የማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ያለባቸው ከ7 እስከ 10 ዓመት የሆኑ 144 ልጆች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። የአንዱ ቡድን ጌም በልጁ በራሱ ሞገድ ይሠራል። የሌላው ቡድን ጌም ግን የሚሠራው ቀደም ብሎ በተቀዳ የሌላ ሰው ሞገድ ነው። የትኛው ልጅ የትኛው ቡድን ውስጥ እንዳለ ልጁም፣ ወላጁም፣ አሠልጣኙም አያውቁም።

ውጤቱስ? ሁለቱም ቡድኖች ተሻሻሉ! ያውም ደህና አድርገው። ተሽሏቸዋል የተባሉት ከእውነተኛው ቡድን 61 በመቶ፣ ከማስመሰያው 54 በመቶ ናቸው፤ ይቺ ልዩነት በአጋጣሚም ልትመጣ ትችላለች። በዋናው መለኪያ፣ በትኩረት፣ ከ13 ወር በኋላም አንዱ ከሌላው በልጦ አልተገኘም። እርግጥ እውነተኛውን ሥልጠና ያገኙት ልጆች በኋላ ላይ የወሰዱት መድኃኒት አነስ ያለ ነበር፤ ይህን መካድ አያስፈልግም።

እንግዲህ «ልጄ ተሽሎታል» የምትል እናት አልዋሸችም። ያሻለው ግን ሞገዱ ላይሆን ይችላል። አንድ ትልቅ ሰው በየቀጠሮው አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ጎበዝ!» ማለቱስ? የወላጅ ተስፋስ? የልጁ በዕድሜ መብሰልስ? እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም፤ ግን ኤሌክትሮድ አያስፈልጋቸውም።

የሚያናድደኝ ሽያጩ ነው። ይኸው ማሽን ለድብርትም፣ ለጭንቀትም፣ ለእንቅልፍ ማጣትም መፍትሔ ነው እየተባለ ይቸበቸባል። የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ እንደዚያ ባለ ፈተና ይለፍ! የጨነቀው ቤተሰብ የተባለውን ሁሉ ይከፍላል። ከገንዘቡ የሚከፋው ደግሞ በማሽኑ ተማምኖ የሚሠራ መድኃኒት ማቋረጥ ነው።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ መሞከር የፈለገ ይሞክር፤ ግን ከመክፈሉ በፊት «ማስመሰያውም እኩል ሠርቷል» ተብሎ በግልጽ ይነገረው። መድኃኒቱንም ሐኪሙን ሳያማክር አያቁም።