ባሕር አጥር የሆነባት ከተማ

ከአፍሪካ ጠረፍ በስተ ምሥራቅ፣ በሕንድ ውቅያኖስ መካከል፣ ሲሸልስ የምትባል የደሴቶች ሀገር አለች። ደሴቶቿ 115 ያህል ሲሆኑ፣ ዋና ከተማዋ ቪክቶሪያ በማሄ ደሴት ላይ በተራራና በባሕር መካከል ተቆርቁራ ትገኛለች። በዓለም ካሉት እጅግ ትናንሽ ዋና ከተሞች አንዷ ስለሆነች፣ ፀሓይ ሳይበረታ በማለዳ የተነሣ መንገደኛ እስከ ቀትር ድረስ በእግሩ ሊዞራት ይችላል። በዚህ ወር አንባብያንን ወደዚህች ከተማ ልንወስድ የወደድነው ስለ ውበቷ ብቻ አይደለም፤ ከውበቷ በስተ ኋላ ስላለው ታሪክም ጭምር ነው። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መንገዶች ከሚገናኙበት ከከተማዪቱ እምብርት ላይ ብርማ ቀለም የተቀባ አነስተኛ የሰዓት ማማ ቆሟል፤ ይህም ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያ መታሰቢያ በ1903 የተተከለ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ ገበያው አለ። ዓሣ፣ ቀረፋ፣ ቃሪያና የኮኮነት ፍሬ በየመደቡ ተደርድሮ ይሸጣል፤ ነጫጭ ወፎችም ከዓሣ ነጋዴዎቹ እግር ሥር ፍርፋሪ ይለቅማሉ። የካቶሊክና የአንግሊካን ካቴድራሎች፣ የሂንዱዎች ቤተ መቅደስና መስጊድ ሳይራራቁ ይታያሉ። ሕዝቡ ከአፍሪካ፣ ከፈረንሳይ፣ ከሕንድና ከቻይና የመጡ ሰዎች ዘር ሲሆን፣ ክሪዮል በሚባል የጋራ ቋንቋው ይነጋገራል። በ1901 በተመሠረተው የእጽዋት ሥፍራ ደግሞ ግዙፋን ኤሊዎችና በእጽዋት ዓለም አቻ የሌለው ትልቅ ዘር ያለውን ፍሬ የሚያፈራው የዘንባባ ዛፍ ይገኛሉ። ይህን ፍሬ ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣት ግን የተከለከለ ነው።

ለጉዞው የሚሰናዳ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀቱን አይርሳ። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ዝናቡ ይበረታል፤ ከግንቦት እስከ ጥቅምት ግን ነፋሱ ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። በጾም ወራት የሚጓዝም ምግብ አይቸግረውም፤ ምስር፣ ፍራፍሬና የዳቦ ፍሬ የሚባለው፣ ከዛፍ ተለቅሞ እየተቀቀለ ወይም እየተጠበሰ የሚበላው ምግብ ይገኛልና። የሀገሩ ሰዎች የዳቦ ፍሬን የቀመሰ እንግዳ ተመልሶ ሳይመጣ አይቀርም ይላሉ።

ይህ አባባል መንገደኛን ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ይህንኑ ፍሬ በልተው፣ ይህንኑ ባሕር እያዩ፣ ወደ ሀገራቸው የሚመለሱበትን ቀን ብቻ ሲቈጥሩ የኖሩ ሰዎች በዚህች ደሴት ነበሩ። እንግሊዞች ያልገዛላቸውን መሪ የሚያርቁበት ስፍራ በፈለጉ ጊዜ ሲሸልስን መርጠዋልና። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ እስከ 1970ዎቹ መጀመሪያ ድረስ ደሴቲቱ የአውሮፕላን ማረፊያ አልነበራትም፤ በመርከብ ካልሆነ በቀር መግቢያም መውጫም አልነበረም። ስለዚህ ባሕሩ ራሱ አጥርና ዘበኛ ነበር።

የቡጋንዳው ንጉሥ ምዋንጋና የቡንዮሮው ንጉሥ ካባሌጋ በ1899 ተጋዙ። ምዋንጋ የሀገሩን ምድር ዳግመኛ ሳያይ በ1903 በዚያው ዐረፈ። ካባሌጋም በ1923 ቢለቀቅም፣ መንግሥቱ ሳይደርስ በመንገድ ሞተ። የአሻንቲው ንጉሥ ፕሬምፔ በ1900 ወደ ሲሸልስ መጥቶ እስከ 1924 ድረስ ቆየ። ስለ ሕዝባቸው ነጻነት ጦርነት የመሩት እመቤት ያአ አሳንቴዋ ግን በ1921 በግዞት እንዳሉ አረፉ። የግብጹ መሪ ሳዓድ ዛግሉልም ከጓደኞቻቸው ጋር ወደዚሁ ተልከዋል፤ ከነዚህም አንዱ ቅብጣዊው መክረም ዑበይድ ነበሩ።

ለኦርቶዶክሳውያን ቤተ ሰብ ይልቁንም ልብ የሚነካው የቆጵሮስ ቤተ ክርስቲያን ሊቀ ጳጳስ የማካርዮስ ታሪክ ነው። ሊቀ ጳጳሱ ሕዝባቸው ከእንግሊዝ አገዛዝ እንዲወጣ ስለ ጠየቁ፣ በመጋቢት 1956 ከኪሬንያው ጳጳስ ከኪፕርያኖስና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ወደ ማሄ ተጋዙ። ከከተማው በላይ ሳን ሱሲ በሚባለው ኮረብታ ላይ ባለ ያማረ ቤት እንዲቀመጡ ተደረገ። ሳን ሱሲ ማለት በፈረንሳይኛ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው። ቤቱ ያማረ፣ አየሩ ቀዝቃዛ፣ ዙሪያው ለምለም ቢሆንም፣ እረኛን ከመንጋው የለየ ቤት ስለ ነበረ ስሙ እውነት አልሆነም። በ1957 ተፈቱ፤ ወደ ቆጵሮስ ግን እስከ 1959 አልተመለሱም። ከዚያም በኋላ የነጻይቱ ቆጵሮስ የመጀመሪያ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ሲሸልስም ራሷ በሰኔ 1976 ነጻ ወጣች።

እንግዲህ ልጆቹን ይዞ ወደ ቪክቶሪያ የሚሄድ አባት ገበያውንና ኤሊዎቹን ካሳያቸው በኋላ፣ የሳን ሱሲን መንገድ ያውጣቸው ብለን እንመክራለን። በዚያ መንገድ ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች መርከብ የዳኑ አፍሪካውያን ልጆች ይማሩበት የነበረው የቬን ታውን ትምህርት ቤት ፍርስራሽም ይገኛል። ወንጌላዊው ዮሐንስ በፍጥሞ ደሴት መጋዙን ልጆቻችን በቤተ ክርስቲያን ይሰማሉ፤ በዚህ ኮረብታ ቆመው ባሕሩን ሲመለከቱ፣ ያማረ ስፍራም ያለ ፈቃዱ ለተቀመጠበት ሰው ወኅኒ እንደሚሆን በዓይናቸው ያያሉ። ዛሬ በሰው ሀገር ያለ ፈቃዳቸው የቀሩ ወገኖቻችንም «ደልቷቸዋል» ተብሎ ሲወራ፣ መመለስ መቻላቸውን አስቀድመው የሚጠይቁ ሰዎች ሆነው ያድጋሉ።