የቀን ገደብና የሰው ነፍስ

የሞት ፍርድ ክርክር ተጓተተ፥ ይግባኝም በይግባኝ ላይ ተደራረበ፥ ስለዚህ ቀን ተቈርጦለት ፈጥኖ ይዘጋ የሚለው አሳብ በአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ዘንድ እንደ ርቱዕ ነገር ተቈጥሮ ስለ ኖረ፥ በ1996 (ዓመታቱን የምጠቅሰው በፈረንጆች አቈጣጠር ነው) የወጣው ሕግ፥ በክፍለ ግዛት ሸንጎ የተፈረደበት ሰው ለፌዴራል ፍርድ ቤት አቤት የሚልበትን ጊዜ በአንድ ዓመት ወሰነው። የሟች ወገኖች በኀዘን ላይ ኀዘን እየተጨመረባቸው ዘመናቸውን ሁሉ ደጅ ሊጠኑ አይገባም የሚለው ክርክር እውነት አለው፤ ነገር ግን የዚህ አሳብ ደጋፊዎች የመዘግየትን ዕዳ የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ሲጠይቁ አልሰማሁም።

ዕዳው የሚወድቀው ባልዘገየው ሰው ላይ ነው። በቨርጂኒያ ሞት የተፈረደበት ሮጀር ኮልማን፥ ጠበቆቹ የይግባኙን ማስታወቂያ 3 ቀን አሳልፈው ስላገቡ፥ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1991 የጠበቃ ስሕተት ለባለጉዳዩ ይቈጠርበታል ሲል በሩን ዘጋበት፤ በተከታዩም ዓመት ተገደለ። በ2006 የተደረገው የዲኤንኤ ምርመራ ወንጀለኛነቱን አጽንቷል፥ እኔም አልክድም፤ ዳሩ ግን በሩ በተዘጋ ጊዜ ሸንጎው የመረመረው ወንጀሉን ሳይሆን የቀን መቍጠሪያውን ነበር፤ ይህም ከፈሪሳውያን ጋር ስለ ሰንበት የተደረገውን ክርክር በየቤተ ክርስቲያኑ በሚያነብ አገር ነው።

ጥድፊያው ቢሠለጥን ኖሮ የአላባማው አንቶኒ ሬይ ሂንተን ዛሬ በሕይወት ባልተገኘ ነበር። ለሁለት ግድያዎች የቀረበበት ዋናው ማስረጃ ከእናቱ ቤት የተገኘው ሽጉጥ ሲሆን፥ ጠበቃው ለባለሙያ ከ1,000 ዶላር በላይ ሕግ አይፈቅድልኝም ብሎ በስሕተት ስላመነ፥ በዚያ ገንዘብ ያገኘው ምስክር አንድ ዐይኑ የማያይ፥ በማይክሮስኮፕ መጠቀምም የሚቸግረው ሰው ሆነና ዐቃቤ ሕጉ በችሎት ፊት ተሣለቀበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጠበቃውን አለማወቅ አይቶ ፍርዱን የነቀፈው በ2014 ነው፤ ሂንተንም 30 ዓመት ገደማ ታስሮ በ2015 ነጻ ወጣ።

ከሁሉ የከፋው ግን ሴፕቴምበር 25 ቀን 2007 በቴክሳስ የሆነው ነው። በዚያ ዕለት ጠዋት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የኬንታኪን የሞት መርፌ ሕጋዊነት ሊመረምር ስለ ፈቀደ፥ በዚያው ምሽት ሊገደል የተቀጠረው የማይክል ሪቻርድ ጠበቆች ይህንኑ ምክንያት አድርገው አቤቱታ ሲያሰናዱ፥ ኮምፒዩተራችን ተበላሸ፥ የወንጀል ይግባኝ ሰሚው ጽሕፈት ቤት ከ11 ሰዓት በኋላ ጥቂት ይቈይልን ብለው ለመኑ፤ ዋና ዳኛዋ ሻሮን ኬለር ግን በሰዓቱ እንዲዘጋ አደረጉ፥ ሰውየውም በዚያው ምሽት በመርፌ ተገደለ። ንጹሕ ነበር የምል አይደለሁም። ነገሩን ያጣራው ዳኛም የጥፋቱን አብዛኛውን ክፍል በጠበቆቹ ላይ ጥሏል፤ ይሁን፤ መርፌው የገባው ግን በጠበቆቹ ክንድ አይደለም። ከ2 ቀን በኋላ እዚያው ግዛት ሊገደል የነበረ ሌላ ሰው በጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ግድያው ታገደለት። የቴክሳሱም ፍርድ ቤት በዚያው ዓመት በሞት ፍርድ ጉዳይ የሚቀርበውን አስቸኳይ አቤቱታ በኢሜይል ለመቀበል ወሰነ፤ ስለዚህ ጠበቆቹ የለመኑት የማይቻል ነገር አልነበረም።