ከቦስማን በፊት ጆን ማኪ ነበር

የአውሮፓን እግር ኳስ የሚከታተል ሰው ዣን ማርክ ቦስማንን ያውቀዋል። ኮንትራቱን የጨረሰ ተጨዋች ሳንቲም ሳይከፈልበት ወደ ፈለገው ክለብ እንዲሄድ ያስቻለው የ1995ቱ ውሳኔ (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በዚህ ቤልጅየማዊ ስም ይጠራል። በየዝውውር ወቅቱ "እከሌ በነፃ ፈረመ" የሚባለው ወሬ ከዚያ የመጣ ነው። ይሁንና ይህንኑ ጥያቄ ከቦስማን ሃያ ዓመት ገደማ ቀድሞ ፍርድ ቤት ያቆመና የረታ ተጨዋች አሜሪካ ውስጥ ነበር። ጆን ማኪ ይባላል። ኳሱ ግን ሞላላው፣ በእጅ የሚያዘው ነው።

የአሜሪካን ፉትቦል እዚህ አገር ብዙ ተከታታይ የለውም፤ ለብዙ ሰው የራስ ቁር ደፍተው የሚላተሙ ግዙፍ ሰዎች ትርዒት ነው። ስለዚህ የማኪን ቦታ በአጭሩ ማስረዳት ግድ ይላል። "ታይት ኤንድ" ይሉታል፤ የሚቆመው ከአጥቂው መስመር ጫፍ ላይ ነው። ግማሽ ሥራው ተከላካይ እየገፋ ለሌላው መንገድ መክፈት ነው፣ ግማሹ ደግሞ ራሱ ሮጦ ኳስ መቀበል። ከማኪ በፊት መግፋቱ ያመዝን ነበር። እሱና የቺካጎ ቤርሱ ማይክ ዲትካ ግን ካፉና ሮቤርቶ ካርሎስ የመስመር ተከላካይን ቦታ እንደለወጡት ሁሉ ቦታውን የማጥቂያ መሣሪያ አደረጉት።

ማኪ በ1941 ኒውዮርክ ተወለደ፤ ከሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ በ1963 ባልቲሞር ኮልትስን ተቀላቀለ። ቁመቱ 1.88 ሜትር፣ ክብደቱ ከ100 ኪሎ በላይ ነው፤ ደግሞ ይሮጣል! በ1966 ካስቆጠራቸው 9 ተችዳውኖች (የእነሱ ጎል በሉት) 6ቱ ከ50 ያርድ በላይ ርቀት የተገኙ ናቸው። አንድ ተከላካይ ለብቻው ሊጥለው አይችልም ነበር፤ ሁለት ሦስቱን ጎትቶ የሚሄድ ሰው ነው። ሊጉ 50ኛ ዓመቱን ሲያከብር የዘመናት ምርጥ ታይት ኤንድ ብሎ የሰየመው እሱን ነበር። በአሥር ዓመት ውስጥ ያመለጠው ጨዋታ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ይህችን ነገር አንባቢ ይያዝልን፣ ወደኋላ ትመጣለች።

በጥር 1971 በአምስተኛው ሱፐር ቦውል ከዳላስ ካውቦይስ ጋር ሲጫወቱ ጆኒ ዩናይታስ የወረወረው ኳስ መጀመሪያ የኮልትሱን ኤዲ ሂንተን፣ ቀጥሎ የዳላሱን ሜል ሬንፍሮ እጅ ነክቶ ማኪ ጋ ደረሰ። ማኪ ይዞ በረረ፤ 75 ያርድ። በጊዜው ሕግ ኳሱን የነካው የራሱ ጓደኛ ብቻ ቢሆን ኖሮ አይቆጠርም ነበር። የዳላሶች ተቃውሞ ሰሚ አጥቶ ኮልትስ 16 ለ 13 አሸንፎ ዋንጫውን በላ።

ዋናው ግጥሚያ ግን ከሜዳ ውጭ ነበር። ማኪ በ1970 የተጨዋቾች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ፤ የውድድር ዘመኑ ሳይጀመርም ተጨዋቾቹን አድማ አስመታ፣ ለጡረታና ለኢንሹራንስ ገንዘብ አስጨመረ። ከዚያ "የሮዜል ሕግ" ወደሚባለው ዞረ። ሕጉ እንዲህ ነው፦ ኮንትራቱ ያለቀ ተጨዋች ሌላ ክለብ ከፈረመ አዲሱ ክለብ ለድሮው ካሳ ይከፍላል። ሁለቱ ካልተስማሙ የካሳውን መጠን የሊጉ ኮሚሽነር ፒት ሮዜል ብቻውን ይወስናል። ካሳው ተጨዋችም ሊሆን ይችላል፣ የነገ ተጨዋች የመምረጥ ዕድልም። እንግዲህ ዋጋው ከገዙ በኋላ የሚነገር ዕቃ ማን ይገዛል? ክለቦቹ ፈሩ፣ ተጨዋቹም በወረቀት ነፃ ሆኖ ባለበት ታስሮ ቀረ።

ማኪና ጓደኞቹ በ1972 ሊጉን ከሰሱ። በዚያው ዓመት ማኪ ከባልቲሞር ወጥቶ ለሳንዲያጎ ቻርጀርስ አንድ ዓመት ተጫወተና ጫማውን ሰቀለ። ፍርዱ ሲመጣ እሱ ተጨዋች አልነበረም። የሚኒያፖሊስ ፍርድ ቤት በ1975 መጨረሻ ሕጉ ውድድርን የሚያፍን ነው ብሎ ጣለው፣ ይግባኝ ሰሚውም በ1976 አጸናው። የሚያሳዝነው ማኅበሩ በ1977 በተፈራረመው ስምምነት አብዛኛውን ድል መልሶ ማስረከቡ ነው፤ እውነተኛው ነፃ ዝውውር የተጀመረው ከሌላ ክርክር በኋላ በ1993 ነው። የሆነ ሆኖ በሩን የሰበረው ማን እንደሆነ አይጠፋም።

ዋጋውንም ከፍሏል። ወደ ዝነኞች አዳራሽ የገባው በ1992፣ በመደበኛው ምርጫ የመጨረሻ ዕድሉ በነበረው በ15ኛው ዓመት ነው። ቀድሞት የገባው ታይት ኤንድ ዲትካ ብቻ ሆኖ ሳለ ይህን ያህል መቆየቱ የማኅበሩ ቂም ነው የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ሌላ አሳማኝ ምክንያት አይታይም። እሱም ዋዛ አልነበረም። ኮልትስ በ1984 ወደ ኢንዲያናፖሊስ ተዛውሮ ነበርና ቀለበቴን እዚያ አልቀበልም አለ። ባልቲሞር ላይ ተቀበለ።

ከዚያ ጭንቅላቱ ከዳው። ገና በስልሳዎቹ መጀመሪያ የመርሳት በሽታ ያዘው። አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ ቀለበቶቼን አላወልቅም ብሎ ከጥበቃ ጋር እስከ መታገል ደረሰ። አድማ መትቶ ያሻሻለው ጡረታ ለራሱ በወር 2,500 ዶላር እንኳ አልሞላም። ባለቤቱ ሲልቪያ ኢንሹራንስ ለማግኘት የአውሮፕላን አስተናጋጅ ሆና ተቀጠረች። ለኮሚሽነሩ ፖል ታግሊያቡ በጻፈችው ደብዳቤ ምክንያትም በ2007 ለታመሙ የቀድሞ ተጨዋቾች መታከሚያ በዓመት እስከ 88,000 ዶላር የሚከፍል ዕቅድ ተቋቋመ። ቁጥሩ ከማኪ ማሊያ የተወሰደ ነው፤ 88 ነበር የሚለብሰው። ማኪ በሐምሌ 2011 በ69 ዓመቱ አረፈ። ቤተሰቡ አንጎሉን ለምርምር ሰጠ፣ በተደጋጋሚ ምት የሚመጣው ሲቲኢ የተባለው ጉዳትም ተገኘበት። አንድ ጨዋታ ብቻ ያመለጠው ሰው ያልቀረባቸው ግጭቶች ውጤት ይህ ነው።

በቢሊዮን የሚያስገባ ሊግ ይህን ለማድረግ የአንዲት ሚስት ደብዳቤ መጠበቁ አሳፋሪ ነው። ማሊያ ቁጥርን ለዕቅድ መጠሪያ ማድረግ ደስ ይላል፣ ግን ሰውየው ስሙን እየረሳ ባለበት ጊዜ ምን ይጠቅመዋል?

"የእነሱ ጨዋታ ድብድብ ነው፣ የእኛ ሌላ" ማለት ደግሞ አያዋጣም። የዌስትብሮሙ አጥቂ ጄፍ አስትል በ2002 በ59 ዓመቱ ሲሞት መርማሪው ምክንያቱ በቴስታ የመጣ የሥራ በሽታ ነው ብሎ ፈረደ። የእንግሊዝ ፌዴሬሽን በልምምድ ላይ ጠንካራ ቴስታ በሳምንት ከ10 እንዳይበልጥ መመሪያ ያወጣው ግን በ2021 ነው። አስትል ከሞተ 19 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።