አሻራው ከማረፉ በፊት

ሐረሪዎች አስመዲን በሪ በሚሉት በሐረሩ ሸዋ በር ደጅ ገበያው ሲደምቅ ኦሮምኛ፣ ሐረሪኛና አማርኛ ይደባለቃሉ። ከገጠር አትክልትና ማገዶ ይዘው የሚመጡ ሴቶች ዋጋ ሲቆርጡ ማንም በቀላሉ አይረታቸውም። የብድር ወይም የኪራይ ወረቀት ሲቀርብላቸው ግን ፊደል ያልቆጠሩት ሌላ ሰው ያነበበላቸውን አምነው አውራ ጣታቸውን ይጫናሉ።

የጠበቃ ሥራ መጀመር ያለበት እዚህ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1728 እንደሚለው፣ ማንበብና መጻፍ የማይችል ወይም ዓይነ ስውር የሆነ ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም። ትልቅ ከለላ ነው። ግን ባለጉዳይዋ ከለላው መኖሩን የምትሰማው አብዛኛውን ጊዜ ከተከሰሰች በኋላ ነው፤ ያውም ጠበቃ ካገኘች።

ካላገኘችስ? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 20 መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆም የሚያዘው በወንጀል ለተከሰሰ፣ የመክፈል አቅም ለሌለውና ያለ ጠበቃ ፍትሕ ሊጓደልበት ለሚችል ሰው ነው። የብድርና የኪራይ ክርክር እዚያ ውስጥ አይገባም። በደሃ ደንብ መክሰስም የሚያቀልለት የዳኝነት ክፍያን እንጂ ጠበቃ የሚያቆምለት አይደለም። ክፍተቱን መሙላት የሚችለው የጠበቆች ነፃ አገልግሎት ነው። የፌዴራል ጠበቆች የሥነ ምግባር ደንብ ቁጥር 57/1992 በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንዲያገለግሉ ደንግጎ ነበር። ሃምሳ ሰዓት ብዙ አይደለም። ሐረር የሚሠሩ ጠበቆች የዚያኑ ያህል ጊዜ መድበው ጥቂቱን በገበያ ቀን ገበያው አጠገብ ቢያውሉት፣ ወረቀት ሳይፈረም በፊት ቢያነቡና ቢያስረዱ፣ ብዙ ክርክር ገና ሳይወለድ ይቀራል። ይህን ሥራ ከችሎት ክርክር አሳንሶ የሚያይ ጠበቃ ሙያውን አላወቀውም።

የቋንቋው ነገር ደግሞ አለ። በሐረሪ ክልል የሥራ ቋንቋዎቹ ሐረሪኛና ኦሮምኛ ናቸው። ጉዳዩ በሰበር ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሲደርስ የሚሰማው በአማርኛ ነው። በኦሮምኛ የተመሰከረ ቃል ሲተረጎም አንድ ቃል ቢዛባ ዳኛው የሚያየው የተዛባውን ነው። ትርጉሙን ከመጀመሪያው ጋር ማመሳከር የጠበቃው ግዴታ ነው፤ ለአስተርጓሚ ብቻ የሚተው አይደለም።

ለባለጉዳዩ እውነቱን መንገርም እንዲሁ። የማያዋጣ ክስ አያዋጣም መባል አለበት፣ የጥብቅናው ክፍያ ቢቀርም። በፍትሐ ብሔር ጉዳይ የይግባኝ ጊዜው ፍርድ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ 60 ቀን ነው። ባለጉዳዩ ከጠበቃው ቢሮ ሲወጣ የፍርዱን ግልባጭ ይዞ፣ የመጨረሻዋን ቀን ደግሞ በሚገባው ቋንቋ ሰምቶ መሆን አለበት።