ቧንቧውም ይጠየቅ

ሆስፒታል የተኛ ሰው ከገባበት በሽታ ሌላ ኢንፌክሽን ሲይዘው ሁላችንም የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ «ማን ነክቶት ነው?» በቨርጂኒያው ስካይላይን ካፌዎችም ሆነ በሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ ለቅሶ ቤቶች ፍርዱ ያው ነው፤ ነርሷ እጇን አልታጠበችም፣ ጽዳት ሠራተኛው በደንብ አላጸዳም። እጅ መታጠብ ሕይወት እንደሚያድን አልከራከርም። የምቃወመው ምርመራው ከእጅ ተነሥቶ እዚያው እጅ ላይ እንዲያልቅ መደረጉን ነው። በዚህ አካሄድ የሚወቀሰው ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈለው ሠራተኛ ነው። ከእነዚህ ሠራተኞች ብዙዎቹ የእኛው እናቶችና እህቶች ናቸው።

ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ለሲልቨር ስፕሪንግ ጎረቤት በሆነችው ቤተዝዳ ያለው የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም (ኤንአይኤች) ክሊኒካል ሴንተር በምርምር ስመ ጥር ሆስፒታል ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 ከኒው ዮርክ ሆስፒታል ከተዛወረች አንዲት ታካሚ የተነሣ፣ መድኃኒት የተላመደ ክሌብሲዬላ የተባለ ባክቴሪያ 18 ታካሚዎችን ያዘ። 11ዱ ሞቱ፤ የ6ቱ ሞት ምክንያት ኢንፌክሽኑ ራሱ ነበር። ሆስፒታሉ የሠራተኞቹን እጅ መታጠብ የሚከታተሉ ታዛቢዎች አቆመ፤ ተገቢም ነበር። ባክቴሪያው ግን በመታጠቢያዎቹ የፍሳሽ መውረጃ ውስጥም ስለተገኘ ቱቦ እስከ መንቀል ተደረሰ።

የዚያው ሆስፒታል ሁለተኛ ታሪክ ደግሞ ክርክሩን ይቋጨዋል። ስፊንጎሞናስ ኮሪየንሲስ ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ጤነኛን ሰው እምብዛም የማይነካ ባክቴሪያ ነው። ከ2006 እስከ 2016 ባሉት ዓመታት ግን አቅማቸው የተዳከመ 12 ታካሚዎችን አጠቃ፤ ብዙ አንቲባዮቲኮችንም የሚቋቋም ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎች ከታካሚዎቹ የተወሰደውን ባክቴሪያ ዘረመል ከክፍሎቹ መታጠቢያ ከተገኘው ጋር አነጻጽረው ውጤቱን በ2018 አሳተሙ። ምንጩ የሆስፒታሉ አዲስ ሕንፃ የውሃ መስመር ነበር። ከመፍትሔዎቹ መካከል የሙቅ ውሃውን ሙቀትና የክሎሪኑን መጠን ከፍ ማድረግ፣ የቧንቧ ክፍሎችንም መቀየር ይገኙበታል። ከእነዚህ የትኛውን አንዲት ረዳት ነርስ (ሲኤንኤ) በሽፍቷ ልታደርገው ትችል ነበር?

ነገሩ የሚሠራበት መንገድ ግልጽ ነው። ውሃ ቱቦ ውስጥ ሲቆም ክሎሪኑ ይደክማል፤ ለብ ሲል ደግሞ ለባክቴሪያ ይመቻል። ባክቴሪያው በቱቦው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ዝልግልግ ሽፋን ሠርቶ ይቀመጥና ቧንቧው በተከፈተ ቁጥር ጥቂት ጥቂት እያለ ይወጣል። ለአብዛኞቻችን ይህ ምንም አይደለም። መቅኒ ለተተካለት፣ ኬሞቴራፒ ለሚወስድ ወይም ደም ሥሩ ውስጥ ቱቦ ለገባለት ሰው ግን አደጋ ነው። በዚያ ውሃ እጇን አጥርታ የታጠበች ነርስ ጥፋቷ ምንድን ነው?

አዲስና የሚያብረቀርቅ ነገር ሁሉ ንጹሕ ነው የሚለው እምነትም ይውደቅ። ባልቲሞር ያለው ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል በ2011 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ እጅ ሲቀርብ በራሳቸው ከሚከፈቱ ቧንቧዎች ከተወሰዱት ናሙናዎች 50 በመቶው ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ሲገኝባቸው፣ በእጅ ከሚከፈቱት የተገኘው በ15 በመቶው ብቻ ነበር። ንክኪ ይቀንሳል ተብሎ የተገዛው ቧንቧ ባሰ። ሆስፒታሉም ሕሙማን ከሚታከሙባቸው ቦታዎች አስነሣው።

አዲስ ሕንፃ ራሱ ሰውን ሊጎዳ እንደሚችል ከማንም በላይ ስካይላይን ማወቅ ነበረበት። እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1973 እዚሁ በግንባታ ላይ የነበረ ሕንፃ፣ ኮንክሪቱ በቂ ጥንካሬ ሳያገኝ ድጋፉ ተነሥቶ ሲደረመስ 14 ሠራተኞች ሞተዋል። የሕንፃን ጉድለት ዋጋ የሚከፍለው ውስጡ ያለ ሰው ነው።

አገር ቤት ስንረዳም ያው ስሕተት ይከተለናል። አልጋና ማሽን በኮንቴይነር እንልካለን፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣባት አዲስ አበባ የሆስፒታሉ ሮቶ መቼ እንደታጠበ፣ ውሃው መቼ እንደተመረመረ ግን አንጠይቅም። ፎቶ ላይ የማያምር ሥራ ስለሆነ መተው የለበትም።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ለመጠየቅ የሚያበቃ መሠረት አለን። ሜዲኬርን የሚያስተዳድረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ከ2017 ጀምሮ ሆስፒታሎችና ነርሲንግ ሆሞች በውሃ የሚተላለፉ ተሕዋስያንን የሚከላከል ዕቅድ እንዲኖራቸው ያዛል። ዘመድ ያስተኛ ቤተሰብ «የውሃ ዕቅዳችሁ ምን ይላል? መጨረሻ የተመረመረው መቼ ነው?» ብሎ ይጠይቅ። የሥራ ኃላፊዎች የተረፈ መጠጥና የሕመምተኛ ፈሳሽ እጅ መታጠቢያ ውስጥ እንዳይደፋ ሌላ ቦታ ያዘጋጁ። ሠራተኛዋን ከመውቀሳቸው በፊትም የቧንቧውን ምርመራ ውጤት ያሳዩ። ይህ ካልተደረገ ወቀሳው ሌላ ታካሚ ከመታመም አያድንም።