ከፍርዱ በኋላ ያሉት 14 ቀናት

ኬንያ ሞያሌ ላይ የጭነት መኪና ከነባንጊው ተያዘ በተባለ ቁጥር የኛ ሰው የሚያደርገው ያው ነው። ገንዘብ ይዋጣል፣ «ዳኛውን የሚያውቅ ሰው አለ» የሚል ደላላ ይመጣል፣ ብሩን ይዞ ይጠፋል። እኔ የምለው ያ ገንዘብ ለጠበቃና ለይግባኝ ይዋል ነው።

ዕፅ ያዘዋወረ አይቀጣ አላልኩም። በአንድ ሰው ጆንያ የተነሳ ፍተሻው ጠብቆ ሽንኩርታችን ኬላ ላይ ሲበሰብስ የምናይ እኛው ነን። ግን ዕቃውን የላከው ቤቱ ተኝቶ፣ የተያዘው ረዳት ነው። የኬንያ ሕግ በ2022 እ.ኤ.አ. ከተሻሻለ ወዲህ ደግሞ ከ100 ግራም በላይ ያዘዋወረ ሰው ከ50 ሚሊዮን ሽልንግ የማያንስ መቀጮ ወይም 50 ዓመት እስራት፣ ወይም ሁለቱም ይጠብቀዋል። 100 ግራም ባንጊ ኪስ ውስጥ የምትገባ ነገር ናት።

ለዚህ ነው የላይኛው ፍርድ ቤት የሚያስፈልገው። ከማሻሻያው በፊት፣ ቅጣቱ ዕድሜ ልክ በነበረበት ጊዜ፣ የኬንያ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2014 እ.ኤ.አ. በአንድ የዕፅ መዝገብ ላይ ያለው ግልጽ ነው፤ ሕጉ የጻፈው ጣሪያውን ነው፣ ዳኛ የግድ እዚያ ድረስ ይሂድ አላለም። ሰውየው የመጀመሪያ ጥፋቱ መሆኑ፣ የዕፁ መጠን፣ በሥራው ውስጥ የነበረው ድርሻ ይመዘናል። ከፍርዱ በፊት የታሰረበት ጊዜም ሊታሰብለት ይገባል፤ ይህ ተዘንግቶ በይግባኝ የታረመ ፍርድ ጥቂት አይደለም።

ችግሩ ጊዜው ነው። ይግባኝ የሚባለው ፍርድ በተሰጠ በ14 ቀን ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በቂ ምክንያት አቅርቦ ማስፈቀድ ይቻላል፣ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ከሞያሌ የሚነሳው ይግባኝ ማርሳቢት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ይሄዳል፣ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ። «ቅጣቱ በዛብኝ» የሚለው አቤቱታ ዋናው ቦታው እዚያ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ፍርድ ቤት በሁለተኛ ይግባኝ የሕግ ስህተት እንጂ የቅጣት መብዛት አያይም።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ደግሞ «ኒ ክዌሊ» የምትለዋ ቃል ናት። ልጆቻችን ክሱ በስዋሂሊ ሲነበብ በደንብ ሳይገባቸው፣ «እመንና ይቀልልሃል» ተብለው እውነት ነው ይላሉ። ጥፋቱን ያመነ ሰው ይግባኝ የሚለው በቅጣቱ ልክና ሕጋዊነት ላይ ብቻ ነው፤ «አላጠፋሁም» የሚለው በር በአመዛኙ ተዘጋበት። ሕገ መንግሥታቸው አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣል። ይጠየቅ! አማርኛ ወይም ኦሮምኛ እፈልጋለሁ ማለት ዳኛን መድፈር አይደለም።

ይግባኝ ሁልጊዜ ያቀላል ብዬ አልዋሽም። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ቅጣት የመጨመርም ሥልጣን አለው፤ ስለዚህ መዝገቡን ያነበበ ጠበቃ ሳያማክሩ መግባት አደጋ ነው። የሞያሌ መስመር ነጋዴዎች ከየጭነቱ ትንሽ ትንሽ እያስቀመጥን ማርሳቢት ላይ አንድ ጠበቃ በቋሚነት እንያዝ። ስልክ ቁጥሩ ሾፌሩ ብቻ ሳይሆን ረዳቱም ጋ፣ ቤት ያለችው እናቱም ጋ ይኑር።